የአያ አዛናው ተራ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የላቀው ፎቅ የሚባል ሕንፃ አለ። ቁመቱን ለማያምን ሰው፣ ቡሬ ላይ በርበሬ ሲወቀጥ እላይኛው ክፍል ያለውን ተከራይ ያስነጥሰዋል ይባላል። ደመና እንኳ ወደ ደምበጫ ለማለፍ ሲፈልግ መጀመሪያ ዘበኛውን ያስፈቅዳል። ሻይ ቤት የተወራ ነውና ግማሹን ጣሉለት። የቀረው ግማሽ ራሱ የአያ አዛናው በረንዳ ላይ ፀሐይ እንዳትደርስ ለማድረግ ይበቃል።

አያ አዛናው ልብስ ሰፊ ነው፤ ስድሳን ሊደፍን ጥቂት የቀረው። ቤቱ ከፎቁ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ናት። ቆርቆሮዋ እንደ አሮጌ ባርኔጣ ወደ ግንባሯ ዘንበል ብሏል፤ በረንዳዋ ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ተቀምጧል። በደጉ ጊዜ ከጅጋ እስከ ቋሪት ያለ ሙሽራ በአዛናው ኮት ካልሆነ ሠርጉን ያዘገይ ነበር። ስፌቱ ብርቱ ነው። አንድ የጃቢ ገበሬ በአዛናው ሱሪ ሦስት ሚስት አግብቶበታል፤ ሚስቶቹ በየተራ ጥለውት ሲሄዱ ሱሪው አብሮት ቀረ።

የፎቁ ባለቤት ላቀውም ያኔ እዚሁ በረንዳ ላይ ነበር። ሁለቱ ከጅጋ የመጡት በአንድ ቀን፣ በአንድ የጭነት መኪና፣ በአንድ የተልባ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነው። አዛናው መርፌ ያዘ። ላቀው ከጎኑ ጨርቅ ዘርግቶ ክርና ቁልፍ መሸጥ ያዘ፤ ሲመሽም ከስፌት መኪናው ሥር ይተኛል። ከቁልፍ ወደ በቆሎ፣ ከበቆሎ ቡሬ ላይ ወደተሠራ መጋዘን ተሸጋገረ። መንገድ ሲዘጋ እህል ይወደዳል፤ እህል ሲወደድ ላቀው አንድ ፎቅ ይጨምራል። አገር ባዘነ ቁጥር ሕንፃው እንደ ክረምት ጎመን ያድጋል።

የአዛናው ነገር ወደ ታች ነበር። የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ በየገበያው ተራገፈ። ፈረንጅ የጠገበውን ኮት በዶሮ ዋጋ የሚያገኝ ሰው፣ ልኬን ውሰድ ብሎ ክንዱን የሚዘረጋው ምን ብሎት ነው? ለአዛናው ዚፕ መቀየርና የጆንያ አፍ መስፋት ቀረለት። ጆንያው የላቀው ነው።

አጠራሩም ከፎቁ ጋር አብሮ ተገነባ። ላቀው ክር ሲሸጥ «አያ አዛናው፣ እርስዎ» ይል ነበር። ምድር ቤቱ ሲያልቅ «አያ አዛናው፣ አንተ» ሆነ። ሦስተኛው ፎቅ ሲለሰን «አዛናው» ብቻ ቀረ። አራተኛው ላይ ራሱን ነቅንቆ ማለፍ ጀመረ፤ አምስተኛው ላይ የመኪናው መስተዋት ጠቆረና ይንቀንቅ አይንቀንቅ የሚያውቅ ጠፋ። ሰው በተሰበሰበበት ግን «አያ»ም «ወንድሜ»ም ይመለሱለታል፤ ቃል በነጻ ነው።

ሁለቱን አሁንም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያስቀምጣቸው የጊዮርጊስ ማኅበር ነበር። ያቋቋሙት በድህነታቸው ዘመን፣ ከመሰሎቻቸው ጋር ነው። በየወሩ በሃያ ሦስት ባለተራው ማኅበርተኛውን ይጋብዛል። ሕጉም አጭር ነበር፦ አንድ ድፎ ዳቦ፣ አንድ ጋን ጠላ፣ ንፍሮ። በመጨረሻ ጽዋው፣ ማለትም ጠላ የተሞላው የማኅበሩ ማሰሮ፣ ልብሱን እንደለበሰ ለሚቀጥለው ባለተራ ይሰጥና በእልልታ ቤቱ ይገባል። ጽዋ የገባለት ሰው ያን ወር ጫማ ባይኖረው እንኳ ቀና ብሎ ይሄዳል፤ ጎረቤቱም ቀድሞ ሰላም ይለዋል። የጽዋውን ልብስ፣ ቀዩን ከፋይ፣ ዙሪያውን በአረንጓዴ ክር ጠልፎ የሰፋው አዛናው ነው። ተራው ደግሞ ግንቦት።

ላቀው ሀብት ሲገባለት ጊዮርጊስን አልረሳም። መጀመሪያ ከዳቦው ጎን ዶሮ አቀረበ። በዓመቱ በግ። በሌላው ዓመት ሰንጋ፣ ከዚያ ቢራ፣ ከዚያ ድንኳን፣ ከዚያ በርቀት ያለውን ሟች ሳይቀር የሚቀሰቅስ ድምፅ ማጉያ። ሌላው ማኅበርተኛ ማነስ አፈረና ተከተለ። አንዱ ጊደሩን ሸጠ፣ አንዱ የባሕር ዛፉን ሳይደርስ ቆረጠ። ያልቻሉት አንድ በአንድ «ሥራ በዛብኝ» እያሉ ቀሩ። ሰማዕቱ ዘንዶ ገደለ፤ ላቀው ማኅበርተኛ ጨረሰ። አዛናው ባለፈው ግንቦት የሚስቱን የንግሥቴን የአንገት ወርቅ ሸጦ በግ አርዶ ነበር። የበጉን ቅጥነት አይተው ጡረተኛው ይሄይስ፣ «አያ አዛናው፣ ይኸን ምስኪን ባያርዱትም ራሱ ይሞት ነበር» አሉ። ማኅበሩ በሙሉ ሳቀ። አዛናውም አብሮ ሳቀ። ንግሥቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ የባሏን ሳቅ ሳትሰማ ወራት አለፉ።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ጠፋ። ቤቱ ውስጥ ነው፣ ግን ጠፋ። ዶሮ ሳይጮህ ይነቃና እስኪረፍድ ግድግዳ ያያል። ምግብ ሲቀርብ «ቆይ» ይላል፤ ቆይቶም «አንሺው» ይላል። የስፌት መኪናውን አቧራ ለበሰው። ምሥራቅ የዞረው በረንዳ ከጧት እስከ ቀትር የፎቁ ጥላ ነው፤ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ከቤቱ ጀርባ ትዞርና የላቀውን ደረጃ ታሞቃለች። የአዛናው ዓይን ደግሞ በጥላ ክር አያስገባም።

ያኔ ከተማው ሁሉ ሐኪም ሆነ። ጎረቤት ዓይነ ጥላ ነው አለች። ጤና ጣቢያ የጨጓራ ኪኒን ሰጠው። አንዱ ጸበል አለ፣ አንዱ ዳማ ከሴ፣ አንዱ «ሰውነቱ ጎመን ለምዶ ሥጋ ሲያይ ደንግጦ ነው» አለ። ሻይ ቤት ውስጥ ለሦስት ሳምንት ክርክር ተካሂዶ ድብርት ነው በሚል በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ፤ መድኃኒቱ ግን ሻዩ ስላለቀ ሳይወሰን ቀረ። ወደ መንገዱ ማዶ ቀና ብሎ አምስት ፎቅ ያየ አንድም ሐኪም አልነበረም።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ማኅበሩ ላቀው ቤት ነበር። ንግሥቴ ባሏን አጥባ፣ አልብሳ፣ እስከ በሩ ሸኘችው። ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ምንም ሳይቀምስ ዋለ። ጽዋው የሚሰጥበት ሰዓት ሲደርስ ቄስ ባምላኩ፣ «የግንቦት ባለተራ ይቅረብ» አሉ። ላቀው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተነሣ።

«አባታችን፣ ወንድሜ አያ አዛናው እንደምታዩት ደክሟል። የታመመ ሰው ማስቸገር ኃጢአት ነው። የግንቦቱን እኔ ልያዝለት። የከርሞውንም እንደዚሁ።»

«እልልልል!» አለች ሚስቱ ፋናዬ።

ይሄይስ የጎረሱትን ጮማ ሳይውጡ፣ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው!» አሉ።

«ሞቻለሁ እንዴ?» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ።

ለወራት ያልተሰማ ድምፅ ስለሆነ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሰው ዞሮ ማየት ነበረበት። አዛናው ቆሟል።

«ኧረ ማርያም ትጠብቅህ! ማን ሞተ አለ?» አለ ላቀው።

«ተራ የሚወረሰው የሞተ ሰው ነዋ። ሞቼ ከሆነ ንገሩኝና ልተኛ። ካልሞትኩ ጽዋዬን ወዲህ በሉ።»

ቄስ ባምላኩ ጢማቸውን ዳበሱ። ሕጉ ሕግ ነው። ጽዋውን ሰጡት፤ አዛናው ቀዩን ከፋይ ወደ ደረቱ አስጠግቶ መንገዱን ተሻገረ። እልልታ የሚያሰማለት አጃቢ ስላልነበረ አንድ የምታልፍ ባጃጅ ጥሩንባ ነፋችለት፤ ያውም ከመንገድ ዞር በል ለማለት።

ንግሥቴ በሩ ላይ ጭንቅላቷን ያዘች። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ልታበላቸው ነው?»

«ሕጉን።»

«ሕግ ይበላል?»

«ዳቦ፣ ጠላ፣ ንፍሮ። ድሮ የበላነውን። በግ ለማረድ አይደለም ያመጣሁት። እኔ ጋ ሲመጡ እንደ ጥንቱ ይበሉ፤ ከዚያ የወጡትም ያፈሩትም ይመለሱ ይሆናል።»

ከማግስቱ ጀምሮ የሆነውን ያየ ሰው ጸበሉ የት እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። አዛናው ፊቱን ታጠበ። ጌሾ ራሱ መርጦ ገዛ፣ ብቅሉን ራሱ አሰጣ። ንግሥቴ ሽሮ ስታቀርብ «ቆይ» ማለቱን ትቶ «ጨምሪ» አለ። በመጋረጃ ብጣሽ ለጽዋው ልብስ አዲስ ገበር ሊሰፋ ተነሣ፤ ዓይኑ በጥላው እንቢ ቢለው ከቀትር በኋላ መርፌና ከፋዩን ይዞ መንገዱን ተሻገረና ፎቁ ደረጃ ሥር፣ ፀሐይዋ ካለችበት ቆመ። ዘበኛው ወንዳወቅ እየተጣደፈ መጣ።

«ጋሼ፣ ምን ሊሆን ነው?»

«ክር ላስገባ። እኛ ጋ ብርሃን የለም።»

«እዚህ የሚሞቀው ተከራይ ብቻ ነው።»

«ፀሐይዋንም አከራያችኋት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ደረጃው ላይ ሰው እንዳይቀመጥ ተብያለሁ።»

«መቼ ተቀመጥኩ? ቆሜ ነው።»

ወንዳወቅ አሰበ። ስለቆመ ሰው የተሰጠው መመሪያ አልነበረም። «በሉ ቶሎ ይስፉ፣ አለቃዬ ሳይመጡ። ሲጨርሱም የእኔን ኪስ ይያዙልኝ፤ ቀዳዳ ሆናለች። የሚገባባትስ የለም፣ ግን ንፋስ ታስገባለች።»

አዛናው ሳቀ። ሳቁን ከመንገዱ ማዶ የሰማችው ንግሥቴ የያዘችውን ወንፊት ጣለች። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ፋናዬን አገኘቻትና ደስታ አላስችል ብሏት እጇን ያዘች። «ተሻለው እኮ! በላልኝ፣ ሳቀልኝ፣ ሰው ሆነልኝ!»

«እሰይ! ለላቀው እነግረዋለሁ» አለች ፋናዬ። ከልቧም ነው ያለችው። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ክፉ ሰው የለም፤ ነገሩን መራራ ያደረገውም እሱ ነው።

ግንቦት ሃያ ሦስት ጧት የአዛናው ቤት ቄጠማ ተጎዘጎዘ። ዳቦው በኮባ ተጋግሮ ገበታው ላይ ተቀምጧል፤ ስፋቱ የሠረገላ ጎማ ያህላል። ጠላው ከጋኑ አፍ ላይ ይጮኻል። ከማኅበሩ ወጥተው የነበሩ ሁለት ሰዎች «እንደ ጥንቱ ነው» የሚል ሰምተው፣ በር ላይ ጫማቸውን እየጠረጉ እየተሽኮረመሙ ገቡ። አዛናው ነጭ ጋቢውን ለብሶ «ግቡ፣ ግቡ» ይላል። የጎጃምን ንጉሥነት ቢሰጡት እንኳ ዛሬ ሥራ አለብኝ ብሎ በመለሰው።

ከዚያ ጥሩንባ ተነፋ።

የላቀው መኪና የአዛናውን በር ዘግቶ ቆመ። ከኋላው ቀይ ሰንጋ ወረደ፤ በሩ ጠቦት እንጂ እንዲህ ያለ በሬ አስቦ አልተሠራምና ከጉበኑ ጋር ተጋጨ። ቀጥሎ ቢራ ወረደ፣ የፕላስቲክ ወንበር ወረደ፣ ባለ ነጭ ቆብ ወጥ ቤት ወረደ። በመጨረሻ ድምፅ ማጉያው ወረደ። ላቀው አዛናውን አቅፎ ትከሻውን ሳመው።

«አያ አዛናው፣ እንኳን ደስ ያለህ! ሚያዝያ ላይ ጽዋውን ይዘህ ስትወጣ ከኋላህ ቆሜ ተሳልኩ። ‹ጊዮርጊስ ሆይ፣ ይኸን ወንድሜን ከተኛበት ካነሣህልኝ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ተራው ቀይ ሰንጋ እጥልልሃለሁ› አልኩ። ፋናዬ ‹ተነሣ› ብላ ስትነግረኝ ዕንባዬ መጣ።»

«ዳቦ አለኝ» አለ አዛናው።

«ዳቦውማ ይኑር! ማን ይነካዋል!»

ላቀው በዚህ ቃሉ አልዋሸም።

አዛናው ቄሱን ወደ ጎን ሳባቸው። «አባታችን፣ ይመለስልኝ። ዛሬ እንደ ጥንቱ ነው ብዬ ሰው ጠርቻለሁ።»

ቄስ ባምላኩ አዘኑ። «ልጄ፣ ለአንተ የመጣ ቢሆን መመለስ ትችላለህ። ለጊዮርጊስ የመጣውን ምን ብለህ ትመልሳለህ?»

እዚህ አገር ብድር ይመለሳል። ሽማግሌ ይመለሳል። አንዳንዴ ሙሽራም ከነጥሎሿ ትመለሳለች። ስለት ግን አይመለስም። የአዛናው ጥፋት መዳኑ ነበር፤ ትንሽ ታሞ ቢቆይ ኖሮ በሬው ይኸኔ ቡሬ ላይ ሣሩን ይግጥ ነበር።

ሰንጋው ወደቀ። ቁርጡ በትሪ፣ ጥብሱ በሸክላ ዞረ። ቄስ ባምላኩ ዳቦውን ለወጉ ባርከው ከዳሩ ቆረሱት፤ ከዚያ ወዲያ የሥጋ ትሪ ማስቀመጫ ሲጠፋ ወጥ ቤቱ ገበታውን አንሥቶ ዳቦውን አልጋው ላይ አስተኛው። ጠላውን የጠጡት ቢራ የማይወድ አንድ ሰውና፣ ገንቦ ይዛ ለምትዞረው ለንግሥቴ ያዘኑላት ቄስ ናቸው። እንደ ጥንቱ ብለው የመጡት ሁለቱ ሰዎች የበሬውን ቀንድ አይተው፣ ጫማቸውን ሳያስሩ ሹልክ አሉ። ይሄይስ ጠግበው ከወንበራቸው ተደገፉና፣ «አያ አዛናው፣ አምና በጉን፣ ዘንድሮ በሬውን፤ ከርሞ ግመል እንጠብቃለን!» አሉ። ይኸን ጊዜ አዛናው አልሳቀም።

ምርቃት ደረሰ። «ይኸን ያበላን ቤቱ አይጉደል» ሲባል ሁሉም «አሜን» ብሎ ያየው ላቀውን ነው። እሱም ማጉያውን ያዘ።

«ወንድሞቼ፣ ዛሬ አንድ ነገር ገባኝ። ተራ እያልን ሰው እናስጨንቃለን። ሰው በጭንቀት እየታመመ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማኅበሩ በየወሩ ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ይሁን። ወጪው በእኔ። ማንም እንዳይቸገር!»

የሰኔ ባለተራ ይሄይስ ነበሩ፤ ከጧት ጀምሮ የጡረታቸውን ልክ በበሬው ልክ ሲለኩ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ወንድ መሆናቸውን ረስተው እልል ያሉት እሳቸው ናቸው።

«ተራስ?» አለ አዛናው።

«ተራ ምን ያደርጋል? ቀኑ ሁሉ የሁላችን ይሆናል።»

«የእኔ የትኛው ነው?»

ማጉያው መዝሙር ጀምሮ ስለነበር ጥያቄውን የሰማው አልነበረም። ጽዋው አዲስ ገበር የገባለትን ከፋዩን እንደለበሰ፣ በእልልታና በጭብጨባ መንገዱን ተሻግሮ ፎቁ ውስጥ ገባ። እንደ አዛናው ጊዜ አይደለም፤ ያን ሰልፍ ባጃጅ ሳትቀር ቆማ አሳለፈች።

አዛናው በማግስቱ ዳቦውን ከአልጋው ላይ አንሥቶ እሱ ተተካ። ንግሥቴ ዳቦውን እያቆራረጠች ለጎረቤት አደለችው፤ የቀረውን አደረቀችው። ሻይ ቤት እንደገና ጉባኤ ተቀመጠ። «በሬ ታርዶለት!» ተባለ። «ተራው ተነሥቶለት! ከዚህ በላይ ምን ይደረግለት?» ምስጋና ቢስነትም አንድ የበሽታ ዓይነት ነው ተብሎ ተወሰነ፤ ውሳኔውን ይሄይስ አጸደቁት። ወደ ጸበል ወሰዱት፣ መለሱት። ኪኒኑ በቀለም ተቀየረለት። እሱ ግድግዳውን ያያል።

ሐምሌ ገባ። ፀሐይ ከደሀውም ከሀብታሙም እኩል ጠፋች፤ ከዓመቱ ወራት ሁለቱ ጎረቤቶች እኩል የሆኑበት እሱ ብቻ ነው። በሃያ ሦስት ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ፣ ወንዳወቅ ጃንጥላ ይዞ መጣ። ለታመመ ማኅበርተኛ ድርሻ ይላካልና ድርሻውን ነው ያመጣው፤ በፌስታል። ፌስታሉ ላይ የፎቁ ሥዕል ታትሟል፤ በሥዕሉ ላይ ማዶ ያለችው የልብስ ሰፊው ቤት የለችም፤ በቦታዋ ዛፍ ተስሏል።

«ጋሼ እንዴት ዋሉ? ዳቦና ጥብስ ነው። ይማርዎት ብለዋል።»

ንግሥቴ ተቀበለች። አዛናው ወደ ግድግዳው እንደዞረ፣ «ጽዋው ልብሱን ለብሶ ነበር?» አለ።

ወንዳወቅ መዋሸት የማይችል ሰው ነው፤ ለዚህ ነው ዘበኛ ሆኖ የቀረው። «አዲስ ተገዝቶለታል። ወርቅማ፣ የሚያብረቀርቅ። የድሮው . . .»

«የድሮውስ?»

«መስተዋት ወልውልበት ብለው ሰጡኝ። እኔ ግን አልወለወልኩበትም።» ካፖርቱን ከፈተና ቀዩን ከፋይ ከብብቱ አወጣ። አዛናው የሰፋለትን ኪሱን እያሻሸ ዝናቡ ሳይበርድ ወጣ።

አዛናው ከፋዩን በእጁ ዳሰሰው። ስፌቱን አንድ በአንድ በጣቱ ተከተለና ዙሪያውን ጨረሰ። የላላ የለም። ከዚያ ፊቱ ላይ ጣለው።

ንግሥቴ ፌስታሉን እንደያዘች መሐል ቤቱ ቆማለች። ጥብሱ ይሸታል፤ እሷ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ከደረቅ ዳቦ በቀር አልቀመሰችም።

«ልጥራውና ይመልሰው?» አለች።

«ተይው» አለ ከከፋዩ ሥር። «የጊዮርጊስ ነው። አይመለስም።»